«ቁንጭር ነው ብዬ ነበር፤ ማን ይሰማኛል?»

ዛሬ የራሴን ስህተት ላጫውታችሁ።

ዊንጌት አካባቢ ባለ አንድ ክሊኒክ ስሠራ፣ አንዲት ልጅ እናቷን ይዛ መጣች። የእናትየው የላይኛው ከንፈር ካበጠ አምስት ወር ሆኖታል። አያምም፣ አያሳክክም፤ ግን ቀልቶ ጠንክሯል። «አለርጂ ነው» ብዬ መጀመሪያ የአለርጂ ክኒን፣ ቀጥሎ ፕሬድኒሶሎን አዘዝኩ። ለጥቂት ቀናት ጎደለላቸው፤ ከዚያ ብሶ ወደ አፍንጫቸው ተጠጋ።

በሦስተኛው ቀጠሮ ነው መጠየቅ የነበረብኝን የጠየቅኳቸው።

«እማማ፣ ኑሮዎ የት ነው?»

«ኩታበር ነው ልጄ፤ እዚህ ልጄ ዘንድ ለሕክምና ነው የመጣሁት። እኛ አገር ይሄን ቁንጭር ነው የሚሉት። ነግሬያት ነበር፤ ማን ይሰማኛል?»

አፈርኩ። ወደ አለርት ሆስፒታል ላክኋቸው። ከከንፈራቸው በተወሰደው ናሙና ላይ የቁንጭር ጥገኛ ተሕዋስ ታየ። ለ28 ቀን የሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት መርፌ ወሰዱ፤ መድኃኒቱ ልብንና ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል በኢሲጂና በደም ምርመራ ክትትል ተደረገላቸው። ዛሬ ከንፈራቸው ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ትንሽ ጠባሳ ብቻ ቀርቷል።

ቁንጭር በደጋማ አካባቢዎቻችን ያለ በሽታ ነው። የአሸዋ ዝንብ ከሽኮኮ ወደ ሰው ታመጣዋለች። በመነካካት ወይም አብሮ በመብላት አይተላለፍም። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶች ግን የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክሙ ሊያባብሱት ይችላሉ። የእኔም ጥፋት ይህ ነበር።

ስለዚህ ልብ በሉ፦

• የአለርጂ እብጠት ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ይጠፋል። ሳምንታት ከቆየ ሌላ ምክንያት ይፈለግ።

• እንደ ኤናላፕሪል ያሉ የደም ግፊት መድኃኒቶችም ከንፈር ያሳብጣሉ። የምትወስዱትን ሁሉ ለሐኪማችሁ ንገሩ።

• ቁንጭር፣ የሥጋ ደዌና ቲቢ በናሙና ምርመራ ካልተገኙ፣ የከንፈር ግራኑሎማ የሚባል ሕመም ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ከንፈር ውስጥ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ ይረዳል። አንዳንዴ ከአንጀት ቁስለት ጋር ስለሚያያዝ የሆድ ቁርጠት ወይም የቆየ ተቅማጥ ካለ አትደብቁ።

• ምላስ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ሐኪም ባይጠይቃችሁም ከየት እንደመጣችሁና በአገራችሁ በሽታው ምን እንደሚባል ተናገሩ። እኔም ከዚያ ወዲህ አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

ለሌሎችም ይደርስ ዘንድ ሼር አድርጉ። መልካም ጤና!