ካልሲየም ለአጥንት ብቻ አይደለም

ከሚሴ ውስጥ ሰው ታሞ ሲተኛ ጠያቂው መጀመሪያ የሚለው «ግሉኮስ ተሰክቶለታል?» ነው። ብዙ ጊዜ የተሰቀለው ግን ግሉኮስ ሳይሆን ሪንገር ነው። ሪንገር የሰው ስም ነው። ሲድኒ ሪንገር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ የእንቁራሪት ልብ በጨው ውኃ ውስጥ አድርጎ ያጠና ነበር። ጨዉ በቧንቧ ውኃ ሲበጠበጥ ልቡ ይመታል፤ በተጣራ ውኃ ሲበጠበጥ ግን እየደከመ ይቆማል። ልዩነቱ የቧንቧው ውኃ ካልሲየም ስላለው ነበር።

ይህን ለእኔ ያስተማረኝ የማዋለጃ ክፍል ነው። ደም ግፊቷ ጨምሮ ለሚያንቀጠቅጣት ነፍሰ ጡር ማግኒዚየም ሰልፌት ይሰጣል። መድኃኒቱ ከበዛ ትንፋሽ ያዳክማል፤ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ነው። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሿን እንቆጥራለን፣ ጉልበቷን መታ አድርገን ምላሹን እናያለን፣ ሽንቷን እንለካለን። እኔ ያቺን የካልሲየም አምፑል በዓይኔ ሳላይ ማግኒዚየም አልጀምርም ነበር።

ካልሲየም ሴል ውስጥ ሲሠራ ያየሁት ግን ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የልጅ ልጄ በስልኩ ሲያሳየኝ ነው። እኛ ለወባ ምርመራ በጊምሳ ቀለም ነክረን የምናየው ደም የሞተ ነው። ይህ ግን ሕይወት ያለው የልብ ሴል ነው። ሮጀር ሺየን የተባለ ሳይንቲስት በ1980ዎቹ ካልሲየም ሲያገኝ የሚያበራ ቀለም ሠራ። ኮንፎካል የሚባለው ማይክሮስኮፕ ደግሞ በጨረር እያበራ፣ ከላይና ከታች የሚመጣውን ብዥታ በጠባብ ቀዳዳ አስቀርቶ፣ አንዷን ስስ ንጣፍ ብቻ አጥርቶ ያሳያል። ልቡ በመታ ቁጥር ሴሉ ቦግ ይላል፣ መልሶ ይደበዝዛል። በ1993 ተመራማሪዎች በዚሁ መሣሪያ በልብ ሴል ውስጥ ጥቃቅን የካልሲየም ፍንጣሪዎችን አይተዋል።

ይህ ለቤታችን ምን ይጠቅማል? የዓለም ጤና ድርጅት፣ ምግባቸው ካልሲየም በሚያንሰው አካባቢ ለሚኖሩ ነፍሰ ጡሮች በቀን ከ1.5 እስከ 2 ግራም ካልሲየም እንዲሰጥ ይመክራል፤ በእርግዝና የሚመጣውን የደም ግፊት በሽታ ይቀንሳልና። እናቶች፣ ለክትትል ስትሄዱ ስለ ካልሲየም ጠይቁ። ከተሰጣችሁ ከአይረን ክኒኑ ጋር በአንድ ጊዜ አትዋጡት፤ ሰዓቱን አራርቁት። አማቶችም፣ ላሟ ስትታለብ ወተቱ ሁሉ ለገበያ አይሂድ። ለምራታችሁም አንድ ብርጭቆ አስቀሩላት።