የሽሮ ሜዳዋ ጓዳችን

«አባዬ፣ ለዚህ ሽሮ ስንት ግራም ውሃ ልለካ?»

ልጄ ይህን ስትጠይቀኝ ጮቤ ልረግጥ ምንም አልቀረኝም። ትንሿን ሚዛን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች፤ ስልኳን ከስኳር ጣሳው ላይ አስደግፋ ዩቲዩብ ከፍታለች፤ ሽንኩርቱ በኤሌክትሪክ መፍጫ ደቅቆ ተራውን ይጠብቃል። ሚዛኑን አልጠላውም፣ እንዲያውም ወድጄዋለሁ። ጥያቄዋ ግን ከዚህ ነጭ ኩሽና አንሥቶ 20 ዓመት ወደ ኋላ ወሰደኝ። ሽሮ ሜዳ፣ የእንጦጦ ብርድ በበሩ ሥር የሚገባባት አንዲት ክፍል፣ አንድ የአሉሚኒየም ድስት፣ ድስቱን የከበብን ሦስት ጎረምሶች!

የወጪ መጋራት ከመጣበት ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ካፌ መብላት፣ ወይም የምግቡን ገንዘብ በእጁ መቀበል ይችል ነበር። ገንዘቡን የመረጠው «ነን ካፌ» ይባላል። እኛም በ1998 ዓ.ም. ሁለተኛ ዓመት ስንገባ ነን ካፌ ሆንን፤ ከዶርምም ወጥተን ሽሮ ሜዳ፣ ከጥበብ ልብስ ሻጮቹ ጀርባ፣ በአንዲት እናት ግቢ ውስጥ ቤት ተከራየን። እኔ ከደብረ ማርቆስ፣ ሁለተኛው ከደሴ፣ ሦስተኛው ከሐዋሳ። የደሴው ፊዚክስ ያጠናል፣ የሐዋሳው አካውንቲንግ፣ እኔ ታሪክ። በሦስታችንም ቤት ወንድ ልጅ ጓዳ ገብቶ የድስት ክዳን ካነሣ ቁጣ ይጠብቀው ነበርና፣ ከመካከላችን ማማሰያ ይዞ የሚያውቅ አልነበረም። አሁን ግን ጓዳውም እልፍኙም መኝታውም ያችው አንዲት ክፍል ናት። ማን ይከለክለናል?

ምድጃውን ከመርካቶ፣ ከምናለሽ ተራ ገዛነው፤ ሸክላ ላይ ጥምልምል ሽቦ የተዘረጋበት፣ ሲሰካ ቀስ እያለ የሚቀላ። የቀረው ሁሉ ከጉልትና ከሱቅ ጥቂት በጥቂት ይመጣል። ሽንኩርት በመደብ፣ ዘይት በሲኒ፣ የቲማቲም ድልህ በማንኪያ ተለክቶ፣ በላስቲክ ተቋጥሮ። ያ በማንኪያ የሚሸጥ ድልህ! ዛሬ ሙሉ ጣሳ ስከፍት እንኳ ያንን ያህል አያስደስተኝም። ሽሮውና በርበሬው ደግሞ የእናቴ ነው፤ 300 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ አባይ በረሃን ወርዶና ወጥቶ፣ ከድርቆሽና ከቋንጣ ጋር በአውቶቡስ ይደርሰናል። ካርቶኑ ሲፈታ ክፍሏ በሶብላ በሶብላ፣ ኮረሪማ ኮረሪማ ትሸታለች። ያን ሌሊት ማጥናት የለም።

የመጀመሪያው ሽሯችን ታሪክ ነው። ውሃውን አፈላን፤ ሽሮውን በትልቅ ጭልፋ ዝቀን አንዴ ገለበጥነው። ወዲያው ጓል ጓል ሆነ! ውጪው እንደ ሊጥ ተጣብቆ፣ ውስጡ ገና ደረቅ ዱቄት የሆነ፣ የጣት ራስ የሚያክል ድብልብል ሁሉ ከላይ ተንሳፈፈ። ሐዋሳው በማማሰያ ሲያሳድደው፣ እሳቱን የሚቀንስልን ነገር ምድጃው ላይ ስላልነበረ ይንተከተክ ጀመር። የሚንተከተክ ሽሮ ደግሞ ይፈናጠራል። ግድግዳው፣ የፊዚክስ ደብተሩ፣ ከላይ የተወጠረው የአቡጀዲ ኮርኒስ ሳይቀር ሽሮ በሽሮ ሆነ። እኛ በሳቅ መሬት ላይ ስንፈርስ የቤቱ ባለቤት በሩን አንኳኩተው ገቡ።

«ምንድን ነው ልጆቼ? ምን ሆናችሁ?»

«እማማ፣ ሽሮ እየሠራን ነው» አልናቸው።

ኮርኒሱን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ነጠላቸውን አጣፉና ማማሰያውን ከጓደኛዬ እጅ ወሰዱ። «ሽሮ አይገለበጥም፤ ይነሰነሳል። አንድ እጅ ይነሰንሳል፣ አንድ እጅ ያማስላል። ወይ ደግሞ አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል።» ይኼው ነው! ሙቁ ውሃ የዱቄቱን ውጪ በቅጽበት አብስሎ ስለሚዘጋው ውሃ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ፊዚክሱ ይህን ለማስረዳት ስዕል ሣለልን፤ እማማ ስዕሉን አይተው «አዎ፣ እሱ ነው» አሉት። ደስታውን ብታዩ!

ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ እናቴ በእማማ ስልክ ስትደውል ትምህርት ቤታችን ይከፈታል። እኔ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ እቆማለሁ።

«ሽንኩርቱን በደረቁ አቁላላው።»

«ለስንት ደቂቃ፣ እማዬ?»

«እስኪበቃው።»

«በርበሬውስ ከገባ በኋላ?»

«እስኪሸትህ። ሽታው ይነግርሃል እኮ።»

መጀመሪያ ሰሞን ድምፅዋ ውስጥ ግራ መጋባት ነበር፤ ልጇ፣ ወንዱ፣ ስለ ቁሌት ይጠይቃታል። ሦስተኛው ወይም አራተኛው እሁድ ላይ ግን ራሷ ቀድማ «ዛሬስ ምን ሠራችሁ?» አለችኝ። የምስር ወጡን ስነግራት ዝም ብላ ሰምታ «ዝንጅብሉን ጨመርክበት?» አለች። ጨምሬ ነበር! ስልኩን ዘግቼ ግቢውን ሁለቴ ዞርኩት።

ባቄላው ሌላ ጉድ ነው። ለፈተና ስናጠና ሌሊቱን የሚያዘልቀን ንፍሮ ይሁን ብለን ማታ በ2 ሰዓት ጣድን። በ4 ሰዓት ድንጋይ ነው። በ6 ሰዓት ድንጋይ ነው። ፊዚክሱ ያን ጊዜ ከመጽሐፉ ቀና ብሎ «ገባኝ!» ብሎ ጮኸ። ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ሽሮ ሜዳ ከ2,500 ሜትር አታንስም፤ ስለዚህ ድስታችን ውስጥ ያለው ውሃ እየተፍለቀለቀ እንኳ ከ92 ዲግሪ አያልፍም። ምንም ያህል እሳት ብናነድድ ውሃው ይተናል እንጂ አይሞቅም። ባቄላው የከረመ፣ ያልተዘፈዘፈ መሆኑ ደግሞ ተጨመረበት። እኔ እንጦጦን እስከዚያ ሌሊት ድረስ የማውቀው በምኒልክና በጣይቱ ነበር፤ ከዚያ ሌሊት በኋላ በባቄላም አውቀዋለሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በሰለ። ጨውና ሚጥሚጣ ነስንሰን፣ እየተሻማን፣ ከአንድ ድስት በላነው፤ ከአንበሳ ግቢ በኩል አንበሳ ሲያገሳ ሰማን ብሎ ሐዋሳው እስከ ዛሬ ይምላል።

እንጀራ ከጉልት እንገዛ ነበር። ግን አንድ ጊዜ መድፈር አለብን ተባባልንና፣ እማማ ወደ ንግሥ ሲሄዱ ምጣዳቸውን ለመንናቸው፤ ፈቀዱልን። ጠዋት ያቦካነውን ጤፍ ማታ ልንጋግር! አሰፋፉን ሐዋሳው ከዳር ወደ መሃል ሲያዞረው እንዴት ያምር ነበር። አክንባሎውን ደፋን፤ እንፋሎቱ በዳር በዳር ሲወጣ አነሣነው። ዓይን የለውም። አንዲት ዓይን እንኳ! ደግሞም ምጣዱን በዘይት አሽተነው ስለነበር አልላቀቅ አለ፤ በሰፌድ ልናወጣው ስንሞክር በየቦታው እየተቀደደ ወጣ። የተቀደደውን ሰብስበን በበርበሬና በቲማቲም ፍርፍር አደረግነው፤ እንዲህ ያለ ፍርፍር ከዚያ ወዲህ በልቼ አላውቅም።

እማማ ሲመለሱ ዱካ ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ አስተማሩን። ሊጡ እንደ አየሩ ሁለት ሦስት ቀን ይቦካል፤ ከላይ የሚቀረው ቢጫ ውሃ እርሾ ነው፣ ለሚቀጥለው ይቀመጣል። ከሊጡ ጥቂት ተወስዶ በፈላ ውሃ ይበስልና አብሲት ሆኖ ተመልሶ ይቀላቀላል። ዓይኑ የሚመጣው ቡኮው ውስጥ ያለው አየር እየፈነዳ ሲወጣ ነው፤ ያልቦካ ሊጥ የሚያወጣው ነገር የለውም። ምጣዱ ደግሞ በዘይት ሳይሆን በተወቀጠ ጎመን ዘር ይሟሻል፣ በማሰሻም ይታሰሳል። ጎመን ዘር! አንዲት ፍሬዋ ከሰናፍጭ የማትበልጥ። እንጀራ ሳይቀደድ የሚነሣው በእሷ መሆኑን በ20 ዓመቴ አወቅሁ፤ ለስንት ጊዜ ተሠርቶ የቀረበልኝን በልቼ ተነሥቻለሁ።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የ1998ቱ ፋሲካ ነው። ሚያዝያ 15 ዋለ፤ ትምህርት ስላለ አገር ቤት መሄድ አልቻልንም። 55 ቀን ጾመን ዶሮ ሳይኖር? ገንዘብ አዋጥተን አንድ ቀይ ዶሮ ገዛን። ቅዳሜ ከሰዓት 3 ኪሎ ሽንኩርት ሦስት ሆነን መክተፍ ጀመርን። እንባችን እንደ ጎርፍ ወረደ፤ አፍንጫችንን እየሳብን፣ እየተንሰቀሰቅን ስንከትፍ የጎረቤት ሴት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከበሩ ላይ ደረሱ። መርዶ የመጣብን መስሏቸዋል! ሽንኩርቱን ሲያዩ ደረታቸውን ይዘው «እሰይ፣ እሰይ» እያሉ እሳቸውም ቢላ አንሥተው ተቀመጡ።

ቁሌቱ ሲጋመስ መብራት ጠፋ። ምድጃችን ከቀይ ወደ ጥቁር፣ ከጥቁር ወደ ቀዝቃዛ። እማማ ግን አንዲት ቃል ሳይናገሩ የከሰል ምድጃቸውን ግቢው መሃል አወጡ። ጎረቤቲቱ የራሳቸውን ከሰል አመጡ፣ ሌላኛዋ ፋኖስ፣ ሌላኛዋ ንጥር ቅቤ። ዶሮዋን 12 ብልት ማውጣቱ ለፊዚክሱ ደረሰ፤ እማማ ከትከሻው በላይ ሆነው መገጣጠሚያውን በጣታቸው እያሳዩት፣ በሎሚና በጨው እያጠብን፣ ሊነጋጋ ሲል ወጡ ደረሰ። ዶሮ ሲጮህ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው የግቢው ሰው ሁሉ በአንድ ሞሰብ ዙሪያ ተቀመጠ። ፈረሰኛው የአባወራ ነው። ከሦስታችን አባወራ ማነው? ሳንነጋገር ሦስታችንም አነሣንና ለእማማ አጎረስናቸው። እስከ ዛሬም በፋሲካ ፈረሰኛውን ይዤላቸው ሽሮ ሜዳ እወጣለሁ፤ እስከ ዛሬም «በርበሬው ትንሽ ይቀረዋል» ይሉኛል።

ልጄ ሚዛኑን ትታ ሽሮውን በእጇ መነስነስ ጀምራ ነበር ስልኩ የጮኸው። ደሴው ፊዚክሱ ነው፣ ከሚኒሶታ። እዚያ በክረምት ሊጥ አልቦካ ስለሚለው ምድጃ ውስጥ አስገብቶ፣ እሳቱን ሳይሆን የውስጡን አምፖል ብቻ አብርቶ ያሳድረዋል፤ ጤፉ ደግሞ እዚያው አሜሪካ፣ ኢዳሆ የበቀለ ነው። ስንት ጊዜ አልሆን ብሎት እንደደወለልኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ሐዋሳውንም አስገባው፤ ሦስታችን አንድ ስክሪን ላይ ሆንን። ደሴው ምንም ሳይናገር ሰፌዱን ወደ ካሜራው አስጠጋ፤ ፊቱ ከኋላው ተሸፈነ፤ ስክሪኑ ሙሉ ከዳር እስከ ዳር ዓይን ብቻ ሆነ።

«አያችሁት?» ይላል ከእንጀራው ጀርባ። «ዓይን አወጣ! እናንተ፣ ዓይን አወጣ!»