ከኢዮጴ ባሕር እስከ ታቦር ተራራ፦ በነሐሴ ለሚጓዙ ተሳላሚዎች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በአውሮፓ የሚኖር አንድ የመንፈስ ልጄ ደብዳቤ ጻፈልኝ። በመጪው ነሐሴ ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ወላጆቹን ይዞ ሊመጣ አስቧል። ከሆቴል ወደ ሆቴል ከመንከራተት አልጋ፥ ምድጃና የውኃ ማጠራቀሚያ ያላትን፥ «ካምፐርቫን» የሚሏትን መኪና ተከራይቶ በባሕሩ ዳርቻና በገጠሩ መንገድ ሊያዞራቸው ይፈልጋል። ዕቅዱንም አብሮ ልኮልኛል፤ በአምስት ቀን ዐሥራ ዘጠኝ ቦታ። «አባቴ፥ የረሳሁት ቦታ ካለ ይጨምሩልኝ» ይላል። እኔ ግን ለመጨመር ሳይሆን ለመቀነስ ብዕር አነሣሁ። ምክሩ ለሌሎችም ይጠቅማል ብዬ መልሴን በዚህ አኖርሁት።

በመኪና መጓዙን አልነቅፍም። ኢየሩሳሌምን ተሳልሞ ሲመለስ በመጽሐፍ የምናገኘው ኢትዮጵያዊ፥ በትውፊታችን ባኮስ የምንለው የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ፥ የሚጓዘው በሠረገላ ነበር። ወደ ጋዛ በሚያወርደው መንገድ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ፊልጶስ ሲቀርበው በሠረገላው ላይ የሚያስቀምጥበት ቦታ፥ ቃሉንም የሚሰማበት ጊዜ ነበረው፤ ውኃ ባየም ጊዜ ሠረገላው እንዲቆም አዘዘ። ፊልጶስም ከዚያ በኋላ በአዛጦን ተገኝቶ በየከተማው እየሰበከ እስከ ቂሣርያ ደረሰ። እንግዲህ ከኢዮጴ ወደ ሰሜን የሚወስደው የባሕር ዳርቻ መንገድ ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ የወገናችንን ሰው ያጠመቀው ፊልጶስ የወጣበት አቅጣጫ ነውና።

አስቀድሞ አየሩን ማወቅ ይገባል። በሀገራችን ሐምሌና ነሐሴ ወንዝ የሚሞላበት ክረምት ነው፤ እዚህ ግን ዝናብ የማይጠበቅበት በጋ ነው። ኢየሩሳሌም ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 800 ሜትር ከፍታ ስላላት ማታ ነፋስ ታገኛለች። ኢያሪኮ ግን ከባሕር ጠለል በታች ከ200 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ናት፤ በቀትር ሙቀቷ ወደ 40 ዲግሪ ይደርሳል፥ ያልፋልም። የባሕሩ ዳርቻ ከዚህ ቢቀልም ወበቁ ሌሊትም አይለቅም። በዚህ ላይ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ጾመ ፍልሰታ ነው።

ይህን ሁሉ ከመጻሕፍት ብቻ አልተማርሁትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተሳላሚዎችን የምመራው እኔ ነበርሁ፤ ዕቅዱንም ያወጣሁት እኔው ነኝ። በሁለት ቀን ዘጠኝ ቦታ ላሳይ ብዬ ዮርዳኖስን በቀትር አደረግሁት። ከጎጃም የመጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ ጥጥ ፈትለው ባጠራቀሙት ገንዘብ ነው የመጡት። ለታቦር የሚለብሱትን ነጠላ ራሳቸው ፈትለው፥ አጥበውና አጥነው በመሶብ ወርቅ እንደሚቀመጥ ነገር ጠቅልለው ይዘውት ነበር። በዮርዳኖስ ዳር ራሳቸውን አዞራቸው። ጥላ ሥር አስቀምጠን ውኃ ሰጠናቸው፤ ሻል ሲላቸው «እንሂድ» አልሁ፤ ሰዓቱ እንዳያልፍ ፈርቼ ነው። ከታቦር ሥር ስንደርስ ከመቀመጫቸው መነሣት አልቻሉም። ሌሎቹን ይዤ ወጣሁ፤ እርሳቸው ከአንዲት ልጅ ጋር ታች ዛፍ ሥር ቀሩ።

ስመለስ አላማረሩም። «አባ፥ የፈተልሁት ጥጥ እስከ ሥሩ ብቻ የሚያደርስ ኖሯል» አሉኝና ነጠላውን ሰጡኝ፤ «እርስዎ አንድ ቀን ይዘውልኝ ይወጣሉ።» ባለፈው ዓመት ማረፋቸውን ሰማሁ። ነጠላው እስከ ዛሬ በክፍሌ ሣጥን ውስጥ አለ። የልጄን ዕቅድ ሳነብ ትዝ ያሉኝ እኒያ እናት ናቸው።

ስለዚህ ከዐሥራ ዘጠኙ ቦታ አምስቱን አስቀረሁለት፤ የአምስቱን ቀን አካሄድም እንደሚከተለው ጻፍሁለት።

ነሐሴ 9 ከጸሎት በኋላ ማለዳ ተነሥቶ ወደ ኢዮጴ መውረድ። መንገዱ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ነው። ዮናስ ከእግዚአብሔር ፊት ሊሸሽ መርከብ የተሳፈረባት፥ ጣቢታ ከሞት የተነሣችባት፥ ጴጥሮስም በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ሰገነት ላይ ራእይ ያየባት ከተማ ናት። አሮጌው ሰፈር ደረጃና ጠባብ መተላለፊያ ስለሆነ መኪናዋን ከውጭ ማቆም ያስፈልጋል።

ነሐሴ 10 ጧት ቂሣርያ። በሩ እንደተከፈተ መግባት ይበጃል፤ ፍርስራሹ ጥላ የለውም። ሄሮድስ ያሠራው ወደብ፥ የትያትሩ ስፍራ፥ ውኃ ያመጣ የነበረው የድንጋይ ቦይ ይታያል። የጲላጦስ ስም የተቀረጸበት ድንጋይ በ1961 እ.ኤ.አ. የተገኘው እዚህ ነው። ቆርኔሌዎስ የተጠመቀው፥ ጳውሎስ ሁለት ዓመት የታሰረው፥ ፊልጶስም ከአራቱ ደናግል ልጆቹ ጋር የኖረው በዚህች ከተማ ነው። ሌላው ቢቀር በዚህ ቦታ አረፍ ብሎ የሐዋርያት ሥራን ምዕራፍ ስምንት ማንበብ ይገባል። ሲመሽ ወደ ቀርሜሎስ መውጣት፤ ሌሊቱ ከባሕሩ ዳር ይልቅ ቀዝቃዛ ነው። በኤልያስ መሥዋዕት ከሚታሰበው ከሙሕራቃ ላይ የኢይዝራኤል ሸለቆ ይታያል፤ አየሩ ከጠራም ታቦር ከሩቅ ብቅ ይላል።

ነሐሴ 11 ባዶ ቀን ነው። በዕቅዱ ላይ ምንም አልጻፍሁበትም። የደከመ የሚያርፍበት፥ መኪናዋ ብትበላሽ የምትጠገንበት፥ ሁሉም ደኅና ከሆነ ደግሞ ወላጆቹ የወደዱት ቦታ የሚቆዩበት ነው። ልጄ ይህን ቀን ለመሙላት ይፈተናል፤ እንዳይሞላው አደራ ብዬዋለሁ።

ነሐሴ 12 ናዝሬትን ተሳልሞ በታቦር ሥር ማደር። ነሐሴ 13 የደብረ ታቦር በዓል ነው። ወደ ተራራው የሚያወጣው መንገድ ጠመዝማዛ ስለሆነ ትልልቅ መኪና አይወጣውም፤ ካምፐርቫኗን ከታች አቁሞ በትንንሽ ታክሲዎች መውጣት ይሻላል። ሽማግሌዎቹ የሚወጡት ፀሐይ ሳይበረታ፥ ከሁሉም በፊት ይሁን። በእናታቸው እጅ የተጋገረ ሙልሙል ካለም ይዘው ይውጡ።

ዮርዳኖስን ከዚህ ጉዞ አወጣሁት። ከኢየሩሳሌም ሌላ ቀን፥ በማለዳ፥ እርሱን ብቻ ተሳልሞ መመለስ ይቻላል። ጥር መምጣት ለሚችል ሰው ደግሞ የጥምቀት ሰሞን ይሻላል።

ስለ መኪናዋም ጥቂት ልበል። ሞተሯ ሲጠፋ ቅዝቃዜዋም ስለሚጠፋ በፀሐይ ከቆመች ፈጥና እንደ ምድጃ ትግላለች፤ ሽማግሌ፥ ሕፃንም ሆነ በሽተኛ «አሁን እንመለሳለን» ተብሎ በውስጧ አይተው። አልጋዋ ለማደሪያ እንጂ ለመጓጓዣ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሰው መቀመጫና ቀበቶ ይኑረው። የኪራዩ ውል ከመፈረሙ በፊት ይነበብ፤ ብዙ ውሎች ኢያሪኮንና ቤተ ልሔምን ለመሰሉ ከተሞች የመድን ዋስትና አይሰጡም። ከዓርብ ከሰዓት በኋላ እስከ ቅዳሜ ማታ ብዙ ሱቅ ስለሚዘጋ ስንቅና ነዳጅ ሐሙስ ይሟላ። ማደሪያው የተፈቀደ የድንኳን ስፍራ ይሁን፤ ቦታውም አስቀድሞ ይያዝ። በደረቅ ሣር አጠገብ እሳት አይነድ፤ በ2010 እ.ኤ.አ. በቀርሜሎስ በተነሣው ቃጠሎ 44 ሰዎች ሞተዋል። የመንገዱን ደኅንነትም በየጧቱ መጠየቅ አይዘንጋ።

ጾሙን በተመለከተ፥ የደከሙና መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ከመነሣታቸው በፊት የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ። አባቶች በዚህ ጉዳይ ርኅሩኆች ናቸው። በመንገድ ላይ ራሱን ከሳተ በኋላ ከመጠየቅ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ልጄ ከላከልኝ ሁለተኛ ደብዳቤ እንደተረዳሁት ዕቅዱን ተቀብሏል። አንድ ጥያቄ ብቻ ጨመረ፦ በመኪናዋ አንድ መቀመጫ ትርፍ አለና እኔም አብሬያቸው እንድሄድ። ጉልበቴ እንደ ድሮው ባይሆንም እሺ ብዬዋለሁ። ነሐሴ 13 ማለዳ ከወላጆቹ ጋር በመጀመሪያው ታክሲ እወጣለሁ፤ ነጠላውንም ከሣጥኑ አውጥቼ አሳጥቤዋለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።