የሰዓቱ ምንጭ

በዶርማችን "ባለ ሰዓቱ" የሚባል ተማሪ እንዳለ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። እሱ እኔ ነኝ። ስሙ የወጣልኝ ግን ሰዓት ስላለኝ አይደለም። እጄ ባዶ ነው፤ ሰዓት የማየው እንደ ሁላችሁም ከሞባይሌ ላይ ነው። እኔ የምሰበስበው የሰዓት ወሬ ነው። አንድ ወፍራም ደብተር አለኝ፤ በእሱ ላይ የመኪና እሽቅድምድም ክሮኖግራፎችን ታሪክ እጽፋለሁ። ማን ሠራው፣ ማን አሰረው፣ በስንት ተሸጠ። "ሻይ ለመጠጣት ኪሱን ሁለቴ የሚዳብስ ልጅ የሮሌክስ ዋጋ በቃሉ ይዟል" እያሉ ይስቁብኛል። እውነታቸውን ነው።

ክሮኖግራፍ ለማታውቁት፣ ሰዓትም ስቶፕ ዎችም በአንድ ላይ ማለት ነው። በጎኑ ሁለት ቁልፎች አሉት። አንዱን ስትጫኑት ረጅሙ የሰከንድ ዘንግ ይነሳል፣ ስትደግሙት ይቆማል፤ ሌላኛው ወደ ዜሮ ይመልሰዋል። ለእሽቅድምድም የተሠራ ከሆነ ደግሞ በዙሪያው ታኪሜትር የሚባል የቁጥር ረድፍ አለው። ይህን የተማርኩት ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በሚኒባስ ስሄድ ነው። የኪሎ ሜትሩን ድንጋይ ስታልፉ ቁልፉን ትጫናላችሁ፣ ቀጣዩ ድንጋይ ጋ ስትደርሱ ታቆሙታላችሁ። ዘንጉ 45 ሰከንድ ላይ ከቆመ ከጎኑ 80 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ፤ ሹፌሩ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየነዳ ነው ማለት ነው። 40 ላይ ከቆመ 90 ነው። 30 ላይ ከቆመ 120 ነውና ጸሎት ጀምሩ።

የስዊሱ ሆየር እ.ኤ.አ. በ1963 "ካሬራ" የሚለውን ሰዓት ሲያወጣ ስሙን የወሰደው ሜክሲኮ ውስጥ ይካሄድ ከነበረ የመኪና ውድድር ነው። ሮሌክስም በዚያው ዓመት ያወጣው ኮስሞግራፍ ኋላ "ዴይቶና" የተባለው በፍሎሪዳው የእሽቅድምድም ሜዳ ስም ነው። እነዚህ ዛሬ የሀብታም መሰብሰቢያ ናቸው። ያኔ ግን የሥራ ዕቃ ነበሩ፤ ልክ እንደ መፍቻና እንደ ክሪክ።

የበሽታዬ መነሻ አባቴ ነው። በጉብዝናው ዘመን የኤንትሬ ሹፌር ነበር፤ ሥራው አሰብ ደርሶ መልስ። እኔ ሳውቀው ጀምሮ በግራ እጁ ላይ አንድ ሴኮ አለ። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ሴኮ ፋይቭ እንዳይመስላችሁ። ፊቱ ቢጫ፣ ዙሪያው ቀይና ሰማያዊ፣ ሁለት ቁልፍና ታኪሜትር ያለው፣ 6139 የሚባለው ዓይነት ነው። ሴኮ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ ሳይሞላ በእጅ እንቅስቃሴ ብቻ ከሚሠሩ የመጀመሪያዎቹ ክሮኖግራፎች አንዱ ነው። በዚያ ዓመት ስዊሶቹና ጃፓኖቹ ማን ይቀድማል እየተባባሉ ሲሽቀዳደሙ ነበር። ከሮሌክስ ጎን ሲቀመጥ የድሃ ክሮኖግራፍ ነው። ቢሆንም ዊልያም ፖግ የሚባል አሜሪካዊ ጠፈርተኛ እ.ኤ.አ. በ1973 ይህንኑ ዓይነት አስሮ ወደ ስካይላብ ወጥቷል። ይህን ለአባቴ ብነግረው "እኔም አስሬው አሰብ ወርጃለሁ" አለኝ።

ሰዓቱን ከየት እንዳመጣው ስንጠይቀው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር። አሰብ መንገድ ላይ መኪናው አሸዋ የያዘበት ፈረንጅ አገኘ፣ ጎትቶ አወጣለት፣ ፈረንጁም ከእጁ ፈትቶ ሸለመው። እኔ ልጅ ሆኜ ፈረንጁን የራሊ ተወዳዳሪ አደረግሁት። አባቴ እንዲህ አላለም፤ ግን አላረመኝም።

አሁን ወደ ደብተሬ ልመልሳችሁ። ፊት ለፊት የተያያዩ ሁለት ገጾች አሉ፤ ሁለቱም የእ.ኤ.አ. 2017 ወሬ ናቸው። በአንደኛው የፖል ኒውማን ዴይቶና አለ። ኒውማን የፊልም ተዋናይም የመኪና ተወዳዳሪም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በለማኑ የ24 ሰዓት ውድድር ቡድኑ ሁለተኛ ወጥቷል። ሰዓቱን የገዛችለት ሚስቱ ናት፤ ከጀርባው በጥንቃቄ ንዳ የሚል መልእክት አስቀርጻበታለች። በ1984 ኒውማን ለልጁ ወንድ ጓደኛ ሰጠው። ልጁ ለጨረታ ሲያወጣው የኒውማን ልጅ ስጦታው እውነት መሆኑን በደብዳቤ መሰከረችለት። ጥቅምት 2010 በእኛ አቆጣጠር፣ ኒው ዮርክ ላይ በ17.75 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ብረት ነው እኮ! ወርቅ እንኳን አይደለም።

በሌላኛው ገጽ የእኛው ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበር የተባለ የፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ ሰዓት በዚያው ዓመት ጄኔቫ፣ ክሪስቲስ ጨረታ ሊቀርብ ነበር። የእሽቅድምድም ሰዓት አይደለም፤ የወሩን ርዝመትና ሠግር ዓመትን ራሱ የሚያውቅ የቀን መቁጠሪያ ያለው ነው። (ጳጉሜን ግን አያውቅም። አባቴም የሴኮውን ቀን በየወሩ በእጁ ነው የሚያስተካክለው፤ በዚህ ከጃንሆይ እኩል ነው።) ጨረታው ሲቃረብ የባለቤትነት ጥያቄ ተነሳና ሰዓቱ ከጨረታው ወጣ። ሰዓቱ ያው ሰዓት ነው፣ ወርቁም ወርቅ ነው። ጥያቄው ከባለቤቱ እጅ እንዴት ወጣ የሚለው ነበር።

እነዚህን ገጾች ስጽፍ ስለ ሰው ዕቃ የምጽፍ ነበር የመሰለኝ።

ባለፈው ሴሚስተር በፊቸር አጻጻፍ ኮርስ ቤታችሁ ስላለ አንድ ዕቃ ጻፉ ተባልን። እኔ አልተቸገርኩም። አሸዋውን፣ ፈረንጁን፣ ራሊውን አሳምሬ ጻፍኩ። መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልኝ በቀይ እስክሪብቶ ሦስት ቃል ብቻ ነበር ያለበት። "ምንጭህ ማን ነው?" መጀመሪያ ተናደድኩ፤ አባቴ ነዋ! ኋላ ግን ሁለተኛ ምንጭ ፍለጋ ገባሁ።

ለዕረፍት አገር ቤት ስገባ የአባቴን የድሮ ረዳት ቡሬ ሄጄ አገኘኋቸው። አርጅተዋል፣ አንድ ዓይናቸው አያይም፤ ግን የድሮውን የመኪና ታርጋ ቁጥር እስካሁን ይጠራሉ። ጠላ አስቀዱልኝና ጥያቄዬን ሰሙ።

"የምን ፈረንጅ?" አሉ። "ያ ሰዓት መያዣ ነው እንጂ።"

በ1978 ዓ.ም. ነው። የቡሬ ሰው የሆነ ሌላ ሹፌር ሚስቱ ታማበት ከአባቴ 150 ብር ተበደረ፤ ሰዓቱን መያዣ ሰጠ። በወሩ ሊመልስ ተስማሙ። የመጣው በአራተኛው ወር ነው፤ ብሩን ይዞ። አባቴ "ቀኑ አልፏል" አለው። ሰውየው ሁለተኛ አላናገረውም። እሱም ሞቷል።

"አያ፣ እርግጠኛ ነዎት?" አልኳቸው።

"ብሩን የቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ ሲሰጠውም፣ ሲመልሰውም" አሉኝ።

ያን ዕለት ማታ ቤት ስገባ እንዴት እንደምጠይቀው አላውቅም ነበር። አንድ ምንጭ ይዞ የራስን አባት መጠየቅ ኢንተርቪው አንድ ላይ አልተማርንም። እራት ከበላን በኋላ እናቴ ወደ ጓዳ ስትገባ "አባዬ፣ ቡሬ ሄጄ ነበር" ብቻ አልኩ። ማንን እንዳገኘሁ ገባው። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ "ቀኑ አልፎ ነበር፤ ውሸት አይደለም" አለኝ። እኔም ውሸት ነው አላልኩም። የፈረንጁን ነገር አላነሳሁበትም።

ሰዓቱን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገውና ተኛ። ይህ ሰዓት መሙያው አይሞላም፤ ካላሰሩት ይቆማል። በሦስተኛው ቀን ቆመ። አባቴ አላሰረውም፣ እናቴም ከላዩ አቧራ እየጠረገች እዚያው ትመልሰዋለች። ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ "ሴት ልጁ መናኸሪያው አጠገብ ቡና ታፈላለች። ውሰድላት" አለኝ።

በሚኒባሱ ውስጥ ሰዓቱን አስሬው ነበር። የመጀመሪያዬም የመጨረሻዬም ነው። እንዲነሳ አወዛወዝኩትና የኪሎ ሜትሩን ድንጋይ ጠበቅሁ፤ 48 ሰከንድ፣ ማለት 75። ሹፌሩ ጨዋ ነው።

ሴትየዋ ወፍራም ነጠላ ለብሳ ረከቦቱ ኋላ ተቀምጣለች። ቡና አዘዝኩ፣ ጠጣሁ፣ ሁለተኛም ጠጣሁ፤ ከዚያ የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኳት። ፊቷ አልተለወጠም። ሁሉንም ነገርኳት። ሰዓቱን ተቀብላ አገላበጠችው፤ ቁልፉን ተጫነችና ዘንጉ ሲነሳ ደነገጠች።

"አባቴ ሰዓት የሚባል ነገር አንስቶ አያውቅም" አለች። "በሰባ ስምንት ነው ያልከኝ? እናቴ እኔን የወለደችበት ነው።"

ቀጥላ ስንት ነበር ብላ ጠየቀችኝ። አንድ መቶ ሃምሳ ብር አልኳት። ከጉያዋ የብር ቦርሳ አወጣች፣ አንድ መቶ ብርና አንድ ሃምሳ ብር ቆጥራ ዘረጋችልኝ። እትዬ፣ ኧረ በፍጹም፣ እኔ ለዚህ አልመጣሁም አልኳት።

"አባቴ ብር ይዞ ነው የመጣው ብለህ የለ? እንካ። በነፃ አልወስድም።"

የቡናውን ሒሳብ ግን አልተቀበለችኝም።

ይህን ጽሑፍ አባቴ አንብቦታል። ስም እንዳልጠቅስ ብቻ ነው የጠየቀኝ። ያን ዕለት ቤት ስመለስ ሁለቱን ብሮች ጠረጴዛው ላይ፣ ሰዓቱ የነበረበት ቦታ አደረግሁለት። መነጽሩን አደረገና አያቸው፤ አነሳቸው፣ ሁለት ናቸው፣ ግን ቆጠራቸው። "ልክ ነው" አለኝ። የሰዓቱ ማሰሪያ የነበረበት እጁ ላይ ቆዳው ነጭ ሆኖ ይታያል።