የቆመች መኪናና ባትሪዋ

በዚህ የግድግዳ ጋዜጣችን ሰሌዳ ላይ ስለ ጊዜ አጠቃቀም፣ ስለ ጥናት ዘዴና ስለ ፍቅር ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ ላወጋችሁ የተነሣሁት ስለ ባትሪ ነው። የእጅ ባትሪ ማለቴ አይደለም፤ የመኪና ባትሪ ነው። «መኪና የሌለን ሠልጣኞች ምን አገባን?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እኔም መኪና የለኝም። ነገር ግን ከመምህራን መኖሪያ ጀርባ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ሸራ ለብሳ የምትውለውን ነጭ ቮልስ የማያውቅ በግቢያችን የለም። ነገሬ በእሷ ላይ ነው።

ባለቤቷ በጡረታ የተገለሉ የሒሳብ መምህር ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ቤንዚኑ ውድ፣ ከተማችንም በእግር ተዞራ የምታልቅ ስለሆነች ቮልሷ በወር አንድ ጊዜ ብትነቃነቅ ነው። ታዲያ ለምን አይሸጧትም የሚል ሐሳብ በሻይ ሰዓት ከአንዴም ሁለቴ ተነሥቷል። የዚህ መልስ የ2009 ዓ.ም. ክረምት ነው።

በዚያ ክረምት ጋሼ ለሕክምና አዲስ አበባ ከሄዱ ሦስት ወር ሊሞላቸው ነበር። በነሐሴ አንድ ሌሊት፣ ዝናቡ እየወረደ፣ የጎረቤታችን መምህር ባለቤት ምጥ ያዛት። አምቡላንሱ ሌላ በሽተኛ ሊያመጣ ገጠር ወጥቷል ተባለ። የቮልሷ ቁልፍ ከዘበኛችን ዘንድ ነበርና ተሮጠ። ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው አንድ ጊዜ «ቀጭ» አለና ዝም። ቀይዋ መብራት እንደሚከስም ፍም ደብዘዝ አለች። የክረምት ሠልጣኞች ብርድ ልብሳቸውን እንደተከናነቡ ከመኝታ ክፍል ወጥተው፣ ከባሕር ዛፉ እስከ ዋናው በር ያለውን ቁልቁለት ገፏት። የስፖርት መምህራችን ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ሲለቀው ተንዘፍዝፋ ተነሣች። ጤና ጣቢያው በደረሱ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሴት ልጅ ተወለደች። ቁልቁለቱ ባይኖርስ? በማግስቱ ይህን ያልጠየቀ ሰው አልነበረም።

ጋሼ ተመልሰው ነገሩን ሲሰሙ ቁልፉን አምጥተው እጄ ላይ አኖሩት። «አንተ ፊዚክስ ታስተምር የለ? በል እንግዲህ እሷንም አስተምራት» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የባትሪዋ ነገር የእኔና የክበባችን ልጆች ሥራ ሆኗል።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ ልግባ። ብዙ ሰው ባትሪን እንደ ጀሪካን ያየዋል፤ ሞልተህ ከከደንከው እንደሞላ የሚቆይ። ባትሪ ግን ሳይነኩትም ይጎድላል። ፈረንሳዊው ጋስተን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 ከሠራው ጀምሮ አሠራሩ በመሠረቱ አልተለወጠም። ባለ 12 ቮልቱ 6 ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ክፍል 2 ቮልት ከትንሽ በላይ ይሰጣል። በየክፍሉ የእርሳስና የእርሳስ ኦክሳይድ ሳህኖች በቀጭን የሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ተነክረው ይቀመጣሉ። ባትሪው ኃይል ሲሰጥ አሲዱ ከሳህኖቹ ጋር ይዋሐድና ሁለቱም ወገን ሊድ ሰልፌት ወደሚባል ነጭ ነገር ይለወጣል፤ የቀረው ፈሳሽ ወደ ውኃነት ይጠጋል። ቶሎ ከሞሉት ሰልፌቱ ወደነበረበት ይመለሳል። ለሳምንታት ባዶውን ከተተወ ግን ቅንጣቱ እያደገና እየጠነከረ ሄዶ በኋላ ቻርጅ ቢደረግም አይሟሟም። «ባትሪው ሞተ» የምንለው ይህን ነው። የቆመች መኪና ባትሪ የሚገደለው በሥራ ብዛት ሳይሆን ጎድሎ በመቆየቱ ነው ማለት ነው።

ደኅና ባትሪ ምንም ሳይታሰርበት በወር ከመቶ 5 ያህል በራሱ ይጎድላል። ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ይብሳል፤ በየ10 ዲግሪው እጥፍ ያህል እንደሚሆን ይገመታል። እንግዲህ ከመተማና ከጋምቤላ የመጣችሁ ልጆች፣ በእናንተ አገር የቆመ መኪና በእኛ ደጋ ከቆመው ፈጥኖ እንደሚደክም ከዚህ ተረዱ።

እዚህ ላይ ከዘበኛችን ጋር የነበረንን ክርክር ሳላነሣ ባልፍ ይቀየሙኛል። እሳቸው ጋሼ በማይኖሩበት ጊዜ፣ ከተነሣችላቸው፣ በየቅዳሜው ለአምስት ደቂቃ ያሞቋት ነበር። «መምህር፣ እኔ እኮ በየሳምንቱ አሞቃታለሁ፤ ምን በደልኳት?» አሉኝ። በደል የለባቸውም፤ አገር ምድሩ የሚያደርገውን ነው ያደረጉት። ዳሩ ግን የዚች ቮልስ ባትሪ የሚሞላው በድሮው ዲናሞ ነው። ሞተሩ ቆሞ ቀስ ብሎ ሲዞር ዲናሞው የረባ ነገር አይሰጥም። ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም የምትለው ለዚህ ነው። በአዲሶቹ መኪናዎች ያለው ኦልተርኔተር ከዚህ ይሻላል፤ ቢሆንም በአምስት ደቂቃ የሚመለሰው ሞተሪኖው ለማስነሣት የወሰደው እንጂ በሳምንቱ ቆይታ የጎደለው አይደለም። በዚያ ላይ ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ በጭስ ማውጫውና በዘይቱ ውስጥ እርጥበት ይቀራል። ስለዚህ ወይ በሳምንት አንድ ቀን ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ መንገድ ላይ ይነዷታል፣ ወይ ጨርሶ አይነኳትም። ዘበኛችን «እንዲያ ከሆነስ ቤንዚኑ ይቅርልን» ብለው ተስማሙ፤ ሙሉ በሙሉ ያመኑኝ ግን አይመስለኝም።

የእኛ ዘዴ ቀላል ነው። ዘወትር ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁለት ተረኛ ሠልጣኞች ቴስተር ይዘው ይለካሉ፤ የተገኘውን በደብተር ይጽፋሉ። መኪናዋ ከተነዳች ወይም ባትሪው ቻርጅ ከተደረገ ጥቂት ሰዓታት ካላረፈ ልኩ ያታልላል፤ ይህን አትርሱ። 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ሙሉ ነው። 12.4 ሲሆን ሩቡ ሄዷል፤ በዚያ ጊዜ እንሞላዋለን። 12.2 ግማሽ ነው። 12.0 ከደረሰ ሩብ ብቻ ቀርቷል፤ ሰልፌቱም ሥራውን ጀምሯል። አንድ ቮልት እንኳ የማትሞላ ልዩነት የሙሉና የባዶ ያህል መሆኗ ልጆቹን ሁልጊዜ ይገርማቸዋል። የነጥብ ቁጥር ትምህርት በሰሌዳ ላይ ለማስረዳት ከምንደክም ይህን ደብተር ብናሳያቸው ይበቃል።

የምንሞላው በትንሽ ቻርጀር ነው። የቮልሷ ባትሪ 40 አምፔር ሰዓት ስለሆነ በአሥር እጅ፣ ማለትም በ4 አምፔር፣ ቀስ ተብሎ ይሞላል። ሲሞላ ሃይድሮጂን ስለሚወጣ በር ይከፈታል፤ ክብሪትና ሲጋራ የተከለከለ ነው። ከመኪናው ሲፈታ መጀመሪያ የሚነሣው ከመኪናው አካል ጋር የታሰረው ኔጋቲቭ ነው፤ ሲታሰር ደግሞ እሱ መጨረሻ ነው። ምክንያቱም ፖዘቲቩን ስትፈቱ ቁልፉ ብረት ቢነካ ኔጋቲቩ ካለ ይፈነጥቃል፤ ከሌለ ምንም አይሆንም። ፈሳሹ ከሳህኖቹ በታች ወርዶ ከተገኘ የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውኃ ብቻ ነው። «ደከመ፣ አሲድ ጨምሩለት» የሚል ምክር ከሰማችሁ አትቀበሉ። የሚተነው ውኃው ነው፤ አሲዱ እዚያው አለ።

ስለ ቮልስ አንድ ለየት ያለ ነገር አለ። ባትሪዋ ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። በላዩ የሚደረገው ክዳን ከጠፋና ከባድ ሰው ከተቀመጠበት የወንበሩ ስፕሪንግ የባትሪውን ሁለት ራሶች አገናኝቶ የወንበሩን ሙሌት ሊያቃጥል ይችላል። እኛ ጋሼን ስንጠይቃቸው ክዳኑ ከጠፋ ዓመታት እንዳለፉት ነገሩን። የዚያን ሌሊት ምጥ የያዛት እናት የተቀመጠችው እዚያ ላይ ነበር! ወዲያው ከአሮጌ የመኪና ጎማ ላስቲክ ቆርጠን አለበስነው።

ሌላው ያከራከረን የመብራት ጉዳይ ነው። ባለፈው መብራት ሲጠፋ ኳስ ለማየት ባትሪውን ፈትተን ቴሌቪዥን እናስነሣበት የሚል ሐሳብ ከሠልጣኞች ቀርቦ ነበር። እኔ አልተስማማሁም፤ እስከ ዛሬም የተቀየሙኝ አሉ። የመኪና ባትሪ ሳህኖቹ ስስና ብዙ ናቸው፤ ለሁለትና ሦስት ሴኮንድ ከመቶ አምፔር በላይ አውጥቶ ወዲያው እንዲሞላ የተሠራ ነው። እየተንጠፈጠፈ እስኪያልቅ ሲሠራበት ጥቂት ጊዜ ብቻ ችሎ ይሰናበታል። ለቤት መብራት የሚሆነው ሳህኑ ወፍራም የሆነው የሶላር ባትሪ ነው።

አዲስ መኪና ያላችሁ መምህራንም ከዚህ አታመልጡም። ቮልሷ ስትቆም የሚበላ ነገር የላትም፤ የእናንተዎቹ ግን ቆመውም በማንቂያ ደወሉ፣ በሰዓቱና በኮምፒዩተሩ በኩል ጥቂት ይመገባሉ። 50 ሚሊ አምፔር ብቻ ቢሆን በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ነው። ባለ 60 አምፔር ሰዓቱ ባትሪ በ25 ቀን ግማሹን ያጣል፤ በዕረፍት ጊዜ ቤተሰብ ጥየቃ ሄዶ መመለሻ ማለት ነው። እንዲህ ላለው ኔጋቲቩን ፈትቶ መሄድ፣ ወይም ከ5 እስከ 10 ዋት የሆነች ትንሽ የሶላር ሰሌዳ ከመቆጣጠሪያዋ ጋር ማሰር ይበቃል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተወሰነ ወዲህ በከተማችን የታዩት የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ከትልቁ ባትሪያቸው ሌላ ትንሽ ባለ 12 ቮልት አላቸው፤ እሷ ከሞተች ትልቁ ሙሉ ሆኖ ሳለ መኪናው አይነቃም። እነዚህን ደግሞ ቁልቁለት አያድናቸውም።

ያች ልጅ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ቮልሷን ስታይ «የእኔ መኪና» ትላለች። ያለፈው ሐሙስ ልክ 12.5 ነበር። የሚቀጥለው ተራ የሁለተኛ ዓመት የሳይንስ ሠልጣኞች ነው። አሥር ቁጥር ቁልፏን የወሰዳችሁ፣ እባካችሁ ከሐሙስ በፊት ለዘበኛችን መልሱልን።