የማትሰማዋ ፊደል

በእኛ በተማሪዎች መካከል «ኔይም» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «ናሜ» ብሎ ያነበበ ጓደኛ፥ እስኪመረቅ ድረስ «ናሜ» እየተባለ ይጠራል። ይህ ሳቅ ግን ተገቢ አይደለም እንላለን።

አራት ፊደል ኖሯቸው በ«ኢ» የሚያልቁትን ቃላት እንመልከት፤ ኔይም፥ ታይም፥ ሆፕ፥ ሜድ፥ ሃቭ፥ ጊቭ። «ኢ» በሁሉም መጨረሻ ትጻፋለች፤ በአንዱም አትሰማም። ሆኖም ሥራ ፈት አይደለችም። እብድ ማለት የሆነው «ማድ» እርስዋ ስትጨመርበት «ሜድ»፥ ማለትም ሠራ ይሆናል። በ«ሃቭ»ና በ«ጊቭ» ላይ ግን ድምፁን አትለውጥም፤ እንግሊዞች ቃልን በ«ቪ» መጨረስ ስለማይወዱ እንደ ዘበኛ ትቆማለች። ስለዚህ ደንቡን አጥንቶ «ሄይቭ» ያለውም ይሳቅበታል።

ጥንት ግን ትሰማ ነበር። በ1400 እ.ኤ.አ. በሞተው በባለቅኔው በቾሰር ግጥም «ኔይም» የሚነበበው «ናመ» ተብሎ ነው። ካክስተን በ1476 እ.ኤ.አ. ማተሚያን ወደ እንግሊዝ አገር ካስገባ ወዲህ አጻጻፉ እየረጋ ሲሄድ፥ አነጋገሩ ጥሎት ሄደ። እንግዲህ የጓደኛችን ንባብ ስድስት መቶ ዓመት ዘገየ እንጂ ያለ መሠረት አይደለም።

እኛስ ብንሆን «ሠ»ንና «ሰ»ን፥ «ሐ»ንና «ኀ»ን በአንድ ድምፅ እያነበብን «ንጉሥ»ን በእሳቱ «ሰ» የጻፈውን እናርም የለም?

እንግሊዝኛን ከመጽሐፍ እንጂ ከአፍ ያልተማረ ብዙ ነው። የተሳቀበት ደግሞ በክፍል ውስጥ እጁን ማውጣት ይተዋል። ራስዋ የማትሰማ ፊደል ወንድማችንን ዝም ልታሰኘው አይገባም።