«ጋዙ አልቋል»

የላብራቶሪ ፍሪዘር በደከመ ቁጥር የምንሰማው ፍርድ አንድ ነው፤ «ጋዙ አልቋል»። ወዳጆቻችን፣ ይህቺን ቃል እንፈራታለን። ጋዝ እንደ ቤንዚን ነዶ አያልቅም፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ይዞራል። ከጎደለ ሾልኳል ማለት ነው። የሾለከበትን ሳይፈልጉ መሙላት በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው (ሂሳቡ ግን ይከፈላል)።

የኛው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ መያዝ ሲገባው 62 ላይ ቆመ። ውስጡ ያለው ዳግም የማይገኝ የሕሙማን ደም ነው። ጠጋኙ ያንኑ ፍርድ ሰጠን። እኛ ናሙናውን ጎረቤት ፍሪዘር አስጠግተን፣ የሶኬቱን ቮልቴጅ ለካን፤ ደህና ነው። የፊቱን ማጣሪያ ስናወጣ አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖታል። በበሩ ጎማ ላይ በረዶ ተጋግሯል፤ ወረቀት አስገብተን በሩን ዘግተን ብንስበው ያለ ትግል ወጣ። ጀርባውም ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ታዲያ ሙቀቱን በየት ይተንፍስ?

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ብዙ አምራቾች በመመሪያቸው «እስከ 2000 ሜትር ከፍታ» ይላሉ፤ ከተማችን ከ2300 በላይ ናት። ስስ አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙ አነስተኛ ስለሆነ፣ እዚህ አቧራና ጠባብ ቦታ ይቅር አይባሉም።

በርግጥ በቅብብል ከሚሠሩት ሁለት ኮምፕረሰሮች አንዱ ከሞተ ጽዳት አያድነውም። የኛው ግን ማጣሪያው ታጥቦ፣ በረዶው ተፍቆ፣ ከግድግዳው ሲርቅ በማግስቱ 79 አነበበ። አዲሱ የበር ጎማ ከውጭ ይመጣል ተብሎ እየጠበቅን ነው።